ወታደር ሲያርፍ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1944፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቤልጅግ ውስጥ በአርደን ጫካ የሠፈረውን የአሜሪካ ጦር ድንገተኛ ጥርጣሬ ወረረው። እንግሊዝኛ የሚናገሩ የጀርመን ኮማንዶዎች የአሜሪካን ወታደር ልብስ ለብሰው፣ በአሜሪካ ጂፕ ተሳፍረው ከጦር ግንባሩ ጀርባ ገብተዋል ተባለ፤ ነገሩም እውነት ነበር። ከዚያ ወዲያ በየኬላው የቆመው ጠባቂ መታወቂያና የይለፍ ቃል አላረካው አለ። መኪናውን አስቁሞ፣ ጄኔራል ይሁን ሾፌር ሳይመርጥ፣ ስለ ቤዝቦል ይጠይቅ ጀመር። ብርጋዴር ጄኔራል ብሩስ ክላርክ የቺካጎ ከብስ ቡድን በየትኛው ሊግ እንደሚጫወት ተጠይቆ ተሳሳተ። ጠባቂዎቹም ይህስ ጀርመናዊ ነው ብለው ያዙት። ሰውየው በዚያው ሰሞን ሴንት ቪት የተባለችውን ከተማ የሚከላከለውን ጦር ይመራ የነበረ አዛዥ ነው።

ወታደሮቹ ይህን ጥያቄ የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ወረቀት ይሰረቃል፣ ቋንቋ ይጠናል፤ በልጅነት ከሰፈር ልጆች ጋር የተጫወቱት ጨዋታ ግን በስለላ ትምህርት ቤት አይገኝም። አሜሪካዊው ወታደር በየዘመቻው ቤዝቦልን ይዞ ሄዷል። የእኛ ወታደርም ከጦር ሰፈሩ ይዞት የወጣ ጨዋታ አለው። እዚህ ላነሳ የምፈልገው የሁለቱን መንገድ ነው፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ስፖርት ከየት እንደ ተነሳ፣ ለምን በቢሾፍቱ ዙሪያ የተወለደ ልጅ የኦሊምፒክ ወርቅ ሊያጠልቅ እንደ ቻለ፣ በዚህ መንገድ ካልታየ በደንብ አይገባም።

ቤዝቦል ለብዙዎቻችን በፊልም ብቻ የምናየው፣ ሕጉ የማይያዝ ጨዋታ ነው። ዋናው አካሄዱ ግን አስቸጋሪ አይደለም። ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋች ያላቸው ሁለት ቡድኖች በየተራ ይመታሉ፣ በየተራ ይከላከላሉ። ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ቆሞ ኳሷን በሙሉ ኃይሉ ይለቃታል። መቺው በእንጨት ዱላው ካገኛት ዱላውን ጥሎ ይሮጣል፤ እርስ በርሳቸው 27 ሜትር ያህል ተራርቀው በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ቤዞች እየረገጠ ዞሮ ወደ ተነሳበት ከደረሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ከመቺዎቹ ወገን ሦስት ሰው ከተቃጠለ ተራው ያልፋል። ዘጠኝ ዙር እንዲህ ይቀጥላል። ኳሷ ጭብጥ የምትሞላ፣ ከ142 እስከ 149 ግራም የምትመዝን ናት። በነጭ ቆዳ ተለብጣ በቀይ ክር በ108 ጥንድ ስፌት ትዘጋለች፤ ስፌቱም እስከ ዛሬ በእጅ ነው። ጎበዝ ወርዋሪ ጣቶቹን በዚያ ስፌት ላይ በተለያየ መንገድ እያሳረፈ ኳሷ አየር ላይ እንድትታጠፍ ያደርጋታል።

ለወታደር የሚመቸው ሰዓት ስለሌለው ይመስለኛል። እግር ኳስ በዘጠና ደቂቃ ይታጠራል፤ ቤዝቦል ግን የሚያልቀው ዙሩ ሲያልቅ ነው። የወታደር ኑሮ ደግሞ፣ ውጊያን የማያውቅ ሰው እንደሚያስበው ሳይሆን፣ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ትእዛዝ መጠበቅ፣ ስንቅ መጠበቅ፣ ደብዳቤ መጠበቅ፣ ተራ መጠበቅ። ሥራ የፈታ ወታደር ይጠጣል፣ ቁማር ይጫወታል፣ ይጣላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያስባል። አዛዦች ይህን ስለሚያውቁ ለጨዋታ ጊዜና ሜዳ ይሰጣሉ። ሰውነት ከሰውነት ብዙ ስለማይጋጭበት ደግሞ ነገ የሚፈለግ ወታደር ዛሬ እግሩን ሰብሮ አይተኛም። ዱላውን ይዞ ሲቆም ማንም ብቻውን ነው፤ ማዕረጉ ኳሷን አይመታለትም።

ታሪኩ ሩቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሰሜኖቹ ወታደሮች በየሰፈሩ ይጫወቱት ነበር። በደቡቦች እጅ ሳልዝበሪ በተባለ እስር ቤት የነበሩ ምርኮኞች ሲጫወቱ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ የሣለውም ራሱ ምርኮኛ የነበረው ኦቶ ቦቲሸር ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ከየክፍለ አገሩ የመጣው ወታደር ጨዋታውን ይዞ ወደየመንደሩ ገባ፤ በዚህም በመላ አገሪቱ ይበልጥ ተስፋፋ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1918 የአሜሪካ ምድር ጦርና ባሕር ኃይል ለንደን ውስጥ፣ ዛሬ የቼልሲ ቡድን ሜዳ በሆነው ስታምፎርድ ብሪጅ፣ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ባሉበት ገጠሙ። ባሕር ኃይሉ 2 ለ 1 አሸነፈ።

በሁለተኛው ጦርነት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1942 የቤዝቦሉን ሹም ዳኛ ላንዲስን በደብዳቤ ጨዋታው እንዳይቋረጥ አሳሰቡ፤ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ሕዝብ ከሥራው ሐሳቡን የሚያሳርፍበት ነገር ያስፈልገዋል አሉ። ለውትድርና የደረሱት ተጫዋቾች ግን እንደ ማንኛውም ዜጋ እንዲዘምቱ ነው። ከ500 በላይ የትልቁ ሊግ ተጫዋቾች ዘመቱ። የዘመኑ ዝነኛ ወርዋሪ ቦብ ፌለር የፐርል ሐርበር ጥቃት በደረሰ በሁለተኛው ቀን ባሕር ኃይል ተመዘገበ። የእጅ ቦምብ የሚሠሩት መሐንዲሶች እንኳ አሜሪካዊ ጎረምሳ ሁሉ ቤዝቦል መወርወር ይችላል በሚል መነሻ በመጠንም በክብደትም የቤዝቦልን ኳስ የሚመስል ቦምብ እስከ መሥራት ደርሰው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤን የሚነካኝ ግን የኑረምበርጉ ጨዋታ ነው። ጦርነቱ አውሮፓ ላይ እንዳበቃ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1945፣ ናዚዎች ለሰልፋቸው በሚጠቀሙበት የኑረምበርግ ስታዲየም የአሜሪካ ወታደሮች የሻምፒዮና ጨዋታ አዘጋጁ። ሳም ናሄም የተባለ አይሁዳዊ ወታደር የሚመራው ቡድን ውስጥ ሊየን ዴይና ዊላርድ ብራውን የተባሉ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ትልቁ ሊግ ለጥቁር ተጫዋች ዝግ ነው፤ ጃኪ ሮቢንሰን በሩን የከፈተው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የጀነራል ፓተን ሦስተኛ ጦር ያቀረበው ቡድን በትልቁ ሊግ ተጫዋቾች የተሞላ ስለ ነበር ሁሉም ያሸንፋል ያለው እሱን ነበር። ናሄምና ጓደኞቹ ግን ከአምስቱ ጨዋታ ሦስቱን ወሰዱ። የዘር የበላይነት በተሰበከበት ሜዳ ላይ፣ በአገራቸው አብረው እንዳይጫወቱ የተከለከሉ ሰዎች አብረው ዋንጫ አነሡ። ፋሺዝም ምን እንደሆነ በገዛ ምድራችን ላይ ያየን እኛ ይህን ታሪክ ብናውቀው ደግ ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ እኛ ይመጣል።

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ለኮሪያ ዘመቻ ተነሳ። ስሙ የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። ወታደሮቹ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ያ ሐዲድ በቢሾፍቱና በሞጆ አልፎ፣ የዛሬዋን አዳማ ያኔ ናዝሬት ትባል የነበረችውን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይወርድ ነበር። ብዙዎቹ ባሕር አይተው የማያውቁ ነበሩ። ኮሪያ ሲደርሱ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ እግረኛ ሬጅመንት ጋር ተመደቡ። በጦርነቱ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ530 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም አልተማረከም።

ይህ ጦርነት ለቤዝቦል ሰዎችም መራራ ነበር። የቦስተኑ ቴድ ዊልያምስ፣ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው መቺ፣ ሁለተኛ ጊዜ ተጠርቶ በተዋጊ አብራሪነት 39 ጊዜ በረረ፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1953 አውሮፕላኑ ተመትቶ እየነደደ በሆዱ አሳርፎት ራሱን አተረፈ። የቃኘው ልጆች ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር በአንድ ግንባር ተሰልፈዋል፣ አንድ ስንቅ በልተዋል፣ የዚያን አገር ብርድ አብረው ቀምሰዋል። የዕረፍት ጊዜያቸውን በተመለከተ ኮሪያውያን እስከ ዛሬ የሚያነሡት ግን ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ወታደሮች ቶንግዱቾን በተባለች ከተማ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1956 ልጆቹን ሲያበሉና ሲያለብሱ ቆይተዋል።

ቤዝቦል ግን አብሯቸው አልተመለሰም። ዱላና ኳስ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም። ገና በደረሰ ቁጥር በየሜዳው ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዞ ሩር የሚያሳድድ ሕዝብ ነን። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ዱላ ቢመታ አይቀየምም፤ ሜዳው ላይ ማዕረግ የለም። ፈረሰኛው ደግሞ ጉግስ ነበረው። በሁለት ወገን ተሰልፎ፣ አንዱ ሲሸሽ ሌላው እያባረረ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚባረረው በጋሻው እየመከተ በኮርቻው ላይ ይተጣጠፋል። በጦርነት የሚያስፈልገው ጥበብ ሁሉ በዚያ ጨዋታ ውስጥ አለ። ጨዋታና ውትድርና በእኛም አገር የቆየ ዝምድና አላቸው፤ ዘመናዊው ሠራዊት ሲመጣ ዝምድናው መልኩን ቀየረ እንጂ አልተቋረጠም።

የመልኩን መቀየር የሚያሳይ አንድ ዓመት ቢኖር 1936 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት በተደረገው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ሻምፒዮና አዲስ አበባ ውስጥ የነበሩ አምስት ቡድኖች ተካፈሉ፤ የእኛ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው። በኢትዮጵያ እግር ኳስ የክብር መዝገብ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የሠራዊት ቡድን ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ጦር የራሱን የስፖርት ክለብ መሠረተ፤ ይኸው ክለብ ነው ዛሬ መቻል የሚባለው። በ1940ዎቹ የጦሩ ቡድን ዋንጫውን ደጋግሞ ያነሣ ነበር።

ከእግር ኳሱ ይልቅ አገር ያስጠራው ሩጫው ነው። ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ በ1938 ዓ.ም መጥቶ ካዴቶችን በአካል ብቃት ማሠልጠን ጀመረ። በእሱ እጅ የክቡር ዘበኛ ግቢ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ መፍለቂያ ሆነ። አበበ ቢቂላ ከዚያ ወጣ፤ ዋሚ ቢራቱም ከዚያ ወጣ። እኔ ግን የስምጥ ሸለቆውን ሰው፣ ማሞ ወልዴን፣ ላንሣ፤ በእሱ ሕይወት ውስጥ የዚህ ታሪክ ሁሉም ክሮች ይገናኛሉ።

ማሞ በ1924 ዓ.ም በአድዓ፣ ድሬ ጂሌ በተባለ ቦታ ተወለደ። አድዓ ጤፉ የተመሰገነ፣ ቢሾፍቱን የከበበ አገር ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ገብቶ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ከ1945 እስከ 1947 ዓ.ም ኮሪያ ነበር፤ የተኩስ ማቆሙ ስምምነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም ስለ ተፈረመ የእሱ ድርሻ ይበልጡን ሰላም ማስጠበቅ ነው፤ ያም እንግዲህ የመጠበቅ ሥራ ነው። ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም፣ በ800 ሜትር፣ በ1500 ሜትርና በዱላ ቅብብል ሮጠ። ሜዳሊያ አላመጣም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ማሞ ግን ከአጭሩ ርቀት ወደ ረጅሙ ዞረ። ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ከተማ በ10 ሺህ ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ብር አገኘ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም ደግሞ በማራቶን፣ አበበ በጉዳት ምክንያት ካቋረጠ በኋላ፣ ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ነሐስ ጨመረ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ ማሞ ሙኒክ ላይ ነሐሱን ያገኘው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም ነው፤ ሁለቱም በዘመን መለወጫ ዋዜማ።

ሰዎች የእነዚህን ሯጮች ነገር ሲያወሩ ከፍታውን፣ አየሩን፣ በልጅነት ወደ ትምህርት ቤት መሮጥን ያነሣሉ። እውነት አለው። ነገር ግን ከፍታውም አየሩም ከዚያ በፊት ነበሩ። ክቡር ዘበኛ የጨመረው ደመወዝ፣ የማይጎድል ምግብ፣ ሐኪም፣ አሠልጣኝና ከሁሉም በላይ ጊዜ ነው። የገበሬ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከእርሻና ከከብት ጋር ይውላል፤ ለብቻው የሚሮጥበት ሰዓት ከየት ያገኛል? ወታደር ሲሆን ግን የማለዳ ሩጫው ራሱ ሥራው ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል ገንዘብና ሊግ የነበረው ጨዋታ ስለ ሆነ ከመንደር ወደ ጦር ሰፈር ሄዶ ወታደሩን አሳረፈ። በእኛ አገር ሯጭ የሚቀጥር ሌላ ማንም ስላልነበረ ጨዋታው በጦር ሰፈር አድጎ ወደ ሕዝቡ ወጣ።

ቤዝቦል አገራችን የገባበት አጋጣሚም ነበር፤ በዚያው በቃኘው ስም። እ.ኤ.አ. በ1953 በተፈረመ ስምምነት አሜሪካኖች አስመራ ላይ የያዙት የሬዲዮ መከታተያ ጣቢያ ቃኘው ጣቢያ ተባለ። በደመቀበት ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ይኖሩበት ነበር። የራሱ ቴሌቪዥን፣ ሲኒማ፣ ቦውሊንግ፣ የቤዝቦልና የሶፍትቦል ሜዳ ነበረው። ወታደሩ አስመራ ተቀምጦ አገሩ ያለ እንዲመስለው የተሠራ ግቢ ነው። ጨዋታው ግን አጥሩን ዘሎ አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ጣቢያው ሲዘጋ አብሮ ሄደ። ጓንቱ፣ ዱላው፣ የያዡ ጭምብል ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ለእግር ኳስ ግን ያረጀ ካልሲና ጨርቅ ይበቃል፤ ሜዳውም በየሰፈሩ አለ። አስመራም ብትሆን ያኔ ለእግር ኳስ ያበደች ከተማ ነበረች።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ የዚህን ታሪክ አሻራ ማየት ይቻላል። ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ መናኸሪያ ናት፤ በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀው ምሩፅ ይፍጠር የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር፤ ሕዝቡም እስከ መጨረሻው ሻምበል ምሩፅ እንዳለው ኖረ። አዳማ አፍንጫ ሥር ያለው ወንጂ ደግሞ ከ1946 ዓ.ም ጀምሮ ስኳር ሲያመርት የኖረ ፋብሪካ ነው፤ እሱም የራሱን የኳስ ቡድን አቋቁሟል። ከጦሩ ቀጥሎ ለተጫዋች ደመወዝ ሊከፍል፣ ሜዳ ሊያዘጋጅ የቻለው ፋብሪካ ነውና። ኋላ ፖሊሱ፣ ማረሚያ ቤቱ፣ ባንኩ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሻለቃ ያሰኘውም ይኸው ሥርዓት ነው።

መቻል በመሀል መከላከያ ተብሎ ኖሮ ከጥቂት ዓመታት በፊት የድሮ ስሙን መልሶ ወሰደ። በ2016 ዓ.ም 80ኛ ዓመቱን አከበረ፤ በዚያው ዓመት ፕሪሚየር ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ አዳማም ደጋግማ አስተናግዳለች፤ ጨዋታው የሚደረገው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ ነው። ክለቡ ከእግር ኳስ ሌላ አትሌቶችም አሉት። ዛሬም ከአድዓ ወይም ከአርሲ የመጣ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ወጣት ሯጭ፣ የውጭ ውድድር ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ጠዋት ተነሥቶ እንዲሮጥ፣ ከሰዓት እንዲያርፍ፣ ወር ሲደርስ ደመወዙን እንዲቀበል የሚያደርገው እንዲህ ያለ ክለብ ነው።